‹‹ሁሉም አይመለከተኝም ይለናል›› የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም የመረጥኳቸው አራት ደብዳቤዎች ከባሕር ዳር የተለያዩ ሰፈሮች የመጡ ናቸው። ጸሐፊዎቹ አይተዋወቁም። የሚያነሡት ግን አንድ ጉዳይ ነው፤ የሰፈር ሰላምና የወጣቶቻችን ውሎ። በማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያነት መጀመሪያ በቀበሌ፣ ኋላም በፍርድ ቤት ስሠራ ዕድሜዬን የሰጠሁበት ጉዳይ ስለሆነ ከወትሮው ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ። የላኪዎቹን ስምና ማንነታቸውን የሚያሳውቅ ነገር አስቀርቻለሁ።

ጥያቄ፦ የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣ በሐይቁ አቅራቢያ ባለ ሰፈር የአንድ እድር ሰብሳቢ ነኝ። ከትምህርት ቤት አጥር ጀርባ ወደ ሐይቁ የሚወርድ መንገድ አለን። ከመሸ በዚያ ማለፍ አልተቻለም። ስልክ ይነጠቃል፣ የሴቶች ቦርሳ ይጎተታል። ባለፈው ሰሞን አንዲት ነርስ ከተረኝነት ስትመለስ ጎትተው ጥለዋት ክንዷ ተሰበረ። ለፖሊስ ስናመለክት ‹‹የሰው ኃይል የለንም፣ እናንተ ጥቆማ ስጡን›› አሉን። ወጣቶችና ስፖርት ጽሕፈት ቤት ስንሄድ በጀት አልተያዘም ተባልን። ትምህርት ቤቱ ከአጥሬ ውጭ ያለው አይመለከተኝም አለ። የመንገድ መብራት ስንጠይቅ ማዘጋጃ ቤት ወደ ኤሌክትሪክ አገልግሎት፣ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ወደ ማዘጋጃ ቤት ይልከናል። በመጨረሻ የጋራ ኮሚቴ ተቋቋመ። ተሰበሰብን፣ ቃለ ጉባኤ ተያዘ፣ ተፈራርመን ተበተንን። መንገዱ ግን እንደነበረ ነው። አሁን የሰፈሩ ጎልማሶች ‹‹ዱላ ይዘን እንውጣ›› እያሉ ነው። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ የተከበሩ ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ልነሣ። ዱላ ይዞ መውጣቱን ዛሬውኑ ያስቁሙልኝ። በጨለማ የሚሮጥ ሁሉ ሌባ አይደለም። ከማታ ትምህርት የሚመለስ ልጅም ይሮጣል፣ ከሌባ የሚሸሽም ይሮጣል። በደቦ ፍርድ አንድ ልጅ ቢሞት የሚቀብረው ያው የእናንተው እድር ነው፤ ገዳዮቹም የእናንተው አባላት ይሆናሉ። ሰፈርን በተራ መጠበቅ ግን ሌላ ነገር ነው። ከቀጣናው ፖሊስ ጋር በስም ዝርዝር ተመዝግቦ፣ የእጅ ባትሪና ፊሽካ ይዞ፣ የተያዘ ሰው ካለም እጅ ሳያነሡበት ወዲያውኑ ለፖሊስ አስረክቦ ሊሠራ ይችላል። ይህን በጽሑፍ ሳትስማሙ ግን አንድም ሰው አይውጣ።

አሁን ወደ ኮሚቴው እንምጣ። ሁሉም ቸል አለን ብለው አዝነዋል፤ ያሳዝናልም። ነገር ግን ብዙ ዓመት ከጠረጴዛው በዚያኛው በኩል ስለተቀመጥኩ አንድ ነገር ልንገርዎ። ‹‹አይመለከተኝም›› የሚል ሠራተኛ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ የሚያሰኘው ፍርሃት ነው። ነገ አንድ ነገር ቢበላሽ ብቻዬን ልጠየቅ ነው ብሎ ይፈራል። ርእሰ መምህሩ ግቢውን ከትምህርት ሰዓት ውጭ ከፍቶ አንድ ልጅ ወድቆ ቢሰበር ጠያቂው ብዙ ነው፤ ቆልፎት ቢሄድ ግን ማንም አይጠይቀውም። የቀጣናው ፖሊስም፣ የወጣቶች ባለሙያውም እንደዚሁ ናቸው። እንግዲህ ተቀናጅቶ መሥራት የምንለው ነገር የሚጀምረው ይህ ተጠያቂነት በወረቀት ላይ ሲከፋፈል ነው ብዬ አምናለሁ። ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ ስብሰባ ነው።

የወጣት ማዕከልን ነገር እንውሰድ። በመዝገብ ስሙ ‹‹የወጣቶች ስብዕና ልማት ማዕከል›› ይባላል። በየደረስኩበት የምሰማው ወቀሳ ‹‹ተሠርቶ ተቆልፎ ይውላል›› የሚል ነው። ለምን ይቆለፋል? ወንበሩን፣ የጠረጴዛ ቴኒሱን፣ ቴሌቪዥኑን፣ ኳሱን ሞዴል 22 በሚባለው የንብረት ወጪ ቅጽ ፈርሞ የተረከበ አንድ ሠራተኛ ስላለ ነው። ዕቃ ቢጎድል ከደመወዙ የሚቆረጠው እርሱ ነው። ልጆች ያሉት፣ የቤት ኪራይ የሚከፍል ሰው ነው። ስለዚህ የመንግሥት የሥራ ሰዓት ሲያበቃ፣ 11፡30 ላይ፣ ቆልፎ ይሄዳል። ወጣቱ ደግሞ የሚፈልገው ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዓት ነው። ብዙ ልጆቻችን በፈረቃ ነው የሚማሩት፤ የጠዋቱ ፈረቃ ቀትር ላይ ይለቀቃል፣ እናትና አባት እስከ ማታ ሥራ ላይ ናቸው። የ14 እና የ15 ዓመት ልጅ ግማሽ ቀን ሙሉ ጊዜ አለው፤ የሚውልበት ቦታ ግን የለውም። እርስዎ የጠቀሱት መንገድ ላይ ከሚቆሙት መካከል ስንቱ እንዲህ ያለ ልጅ እንደሆነ እድርተኞቹን ይጠይቁ። የራሳችሁን ልጆች ስም ትሰማላችሁ ብዬ እገምታለሁ።

እዚህ ላይ ነው እድራችሁ ከማንኛውም ጽሕፈት ቤት የበለጠ አቅም ያለው፤ እድር ዋስ መሆን ይችላል። ገንዘብ አለው፣ ሕገ ደንብ አለው፣ አባላቱን ያውቃል፣ ሰውም ያምነዋል። ለወጣቶችና ስፖርት ጽሕፈት ቤት እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ ማዕከሉ ከ11፡30 እስከ ምሽቱ 2፡00 እና ቅዳሜና እሑድ እንዲከፈት እንጠይቃለን፤ በእነዚህ ሰዓታት ለሚጠፋ ወይም ለሚሰበር ንብረት እስከዚህ ብር ድረስ እድሩ ይተካል፤ ዕቃው በየምሽቱ በሁለት ወጣቶችና በአንድ የእድር አባል ፊርማ ወጥቶ በፊርማ ይመለሳል። ኃላፊው ይህን ተቀብሎ የፈቃድ ደብዳቤ ከጻፈ ያ በሞዴል 22 የፈረመ ሠራተኛ እፎይ ይላል። ቁልፉም ሁለት ይሆናል። ከሁለት ፈራሚ ወጣቶች አንዷ ሴት ትሁን፤ ሴቶች የማይገቡበት ማዕከል ብዙም ሳይቆይ የጥቂት ጎረምሶች ቤት ይሆናል። ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ።

ሁለተኛው ምክሬ ስብሰባውን ከአዳራሽ እንድታወጡት ነው። ችግሩ በሚደርስበት ሰዓት፣ በሚደርስበት ቦታ ላይ ቁሙ። በሥራ ላይ ሳለሁ እንዲህ ያለ የምሽት ጉብኝት አስተባብሬ ነበር። የቀጣናው ፖሊስ፣ የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር፣ ከማዘጋጃ ቤት አንድ የመብራት ሠራተኛ፣ ከዚያም ሁለት የ10ኛ ክፍል ሴት ተማሪዎች ነበሩ። ፀሐይ ስትጠልቅ ከትምህርት ቤቱ በር ተነሥተን በእግራችን ወረድን። መታጠፊያው ጋ ስንደርስ አንደኛዋ ልጅ ቆመችና ‹‹እኛ ከዚህ በኋላ አንሄድም፤ ዞረን በዋናው መንገድ ነው የምንመጣው›› አለች። ለምን ስትባል በእጇ አሳየች። የቆሻሻ ገንዳው ከአጥሩ ጥግ ተጠግቶ ተቀምጧል፤ ከጀርባው የተቀመጠ ሰው አጠገቡ እስኪደረስ አይታይም። የመብራት ሠራተኛው ደግሞ የእጅ ባትሪውን ወደ ላይ ሲያበራ ምሰሶው አለ፣ አምፖሉም ይበራል። የጃካራንዳው ቅርንጫፍ አድጎ ሸፍኖት ብርሃኑ ቅጠሉ ላይ ቀርቷል። ስንት ደብዳቤ ‹‹አዲስ ምሰሶ ይተከልልን›› እያልን ስንጽፍ ኖረናል! ገንዳውን የጽዳት ማኅበሩ ልጆች በሳምንቱ አነሡት። ቅርንጫፉ ግን ፈቃዱ ከሌላ ጽሕፈት ቤት ስለሚወጣ ከአንድ ወር በላይ ፈጀ። የዛፍ ቅርንጫፍ ለመቁረጥም ሦስት ፊርማ ያስፈልጋልና የአረንጓዴ ልማቱን ባለሙያ ከመጀመሪያው ጥሩት። ማዘጋጃ ቤትና ኤሌክትሪክ አገልግሎትንም በየቢሮአቸው አትሂዱባቸው፤ ሁለቱን አንድ ምሽት አንድ ምሰሶ ሥር አገናኙ።

ኮሚቴውን በተመለከተ ደግሞ ተወካይ አትቀበሉ። ‹‹ኃላፊው ሥራ ስለበዛበት እኔ ተወክዬ ነው›› የሚል ሰው ይመጣል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሌላ ሰው ይመጣል፤ ሁለቱም መወሰን አይችሉም። ከእያንዳንዱ ተቋም አንድ ቋሚ ሰው፣ ከነስልክ ቁጥሩ፣ በደብዳቤ ይመደብ። ዝቅ ያለ ባለሙያ ቢሆንም ግድ የለም፤ የማይለዋወጥና በእጁ ያለውን ነገር ማድረግ የተፈቀደለት ይሁን። ሥራውንም በዚያ አንድ መንገድ ላይ ጀምሩ። ስድስቱም ክፍለ ከተሞቻችን የሰላም ዕቅድ አላቸው፤ ዕቅዱ የሚጻፈው ለክፍለ ከተማ ነው፣ ነጣቂው የሚቆመው ግን አንድ መታጠፊያ ላይ ነው።

ፖሊስንም በማስረጃ አግዙት። ስልክ የተነጠቀበት ሰው አብዛኛው ‹‹ምን ዋጋ አለው›› ብሎ አያመለክትም። በመዝገብ ያልሰፈረ ወንጀል ደግሞ ለተረኛ ምደባ አይቆጠርም። እድሩ አንድ ደብተር ይክፈት፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ትክክለኛ ቦታ፣ የተወሰደው ነገር። የሰው ስም አያስፈልግም፣ የተጠርጣሪ ስም ደግሞ በፍጹም አይጻፍ። ለአባላቱም ስልካቸው ላይ *#06# ደውለው የሚወጣውን መለያ ቁጥር ቤት ውስጥ ጽፈው እንዲያስቀምጡ ንገሯቸው፤ ስልኩ ሲገኝ የእኔ ነው ለማለት ይህ ቁጥር ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ በእኛ አገር አይሆንም የሚል ሰው ቢገጥምዎ ጥር 10 እና 11ን ያስታውሱት። በጥምቀት ወጣቶቻችን አንድ ዓይነት ካናቴራ ለብሰው ምንጣፍ እየጠቀለሉ ይሮጣሉ፣ ገመድ ይዘው ሕዝቡን ያስተናግዳሉ። ፖሊሱ ከኋላቸው ይቆማል እንጂ ቦታቸውን አይወስድም። የወደቀ ሰው ቢኖር ቀይ መስቀል አለ። የሰንበት ትምህርት ቤቱ፣ ማዘጋጃ ቤቱ፣ ፖሊሱ ሁሉም ድርሻውን ያውቃል፤ ወጣቱም ሥራውን የሚሠራው እንደ ባለቤት ነው። ታቦታቱ ከገቡ በኋላ ግን ያው ልጅ ሰፈር ጥግ ሲቆም ‹‹ሥጋት›› እንለዋለን። ይህ ያንገበግበኛል። የሚቀጥለው ደብዳቤም የመጣው ከእንደዚህ ያለ ልጅ ነው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ዕድሜዬ 19 ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና አልሆነልኝም፤ ጓደኞቼም እንደዚያው። ቤተሰብ ሥራ ሲሄድ እኛ ሰፈር ጥግ እንቀመጣለን፤ ሌላ ቦታ የለንም። ፖሊስ ሲያልፍ ያስነሣናል፣ ይፈትሸናል። ቀበሌ ደግሞ ‹‹የወጣቶች መድረክ›› ብሎ ይጠራንና ግማሽ ቀን ሲነገረን ውለን፣ ‹‹ተስማምታችኋል?›› ስንባል አጨብጭበን እንወጣለን። አሁን ደግሞ ‹‹የሰላም ኮሚቴ ውስጥ ግቡ›› ተባልን። ብንገባ ሰፈሩ ጆሮ ጠቢ ይለናል፤ ባንገባ እንጠረጠራለን። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ ልጄ፣ ፍርሃትህ ተገቢ ነው። ከተማችን በእነዚህ ዓመታት ብዙ ጭንቅ አይታለች፤ ሰው ሰውን ማመን በከበደበት ጊዜ ወጣትን ‹‹ስም አምጣ›› ማለት ልጁንም ሰፈሩንም ማጥፋት ነው። ስለዚህ ከመግባታችሁ በፊት ይህን በግልጽ ጠይቁ፤ ሥራችን ምንድን ነው? መልሱ ‹‹የምታዩትን ትነግሩናላችሁ›› ከሆነ በትሕትና ይቅርብን በሉ። ወንጀል በዓይኑ ያየ ዜጋ መመስከሩ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ለዚያ ኮሚቴ አያስፈልገውም። መልሱ አገልግሎት ከሆነ ግን በጽሑፍ ይሁን፤ ጽሑፉ ላይም የሰው ስም ማቀበል የእናንተ ሥራ አለመሆኑ ይስፈር።

ሌላም ነገር ልንገርህ። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። የተወሰኑት በሪሜዲያል ትምህርት ሌላ ዕድል አገኙ፤ ብዙኃኑ ወደ ቤት ተመለሱ። እናንተ ሰፈር ጥግ የተቀመጣችሁት ሰነፎች ስለሆናችሁ አይደለም። በአንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ብዛት ያለው ወጣት ወደየሰፈሩ ሲመለስ ለዚያ የተዘጋጀ ቦታ ስላልነበረ ነው። ይህን ለራስህም ለጓደኞችህም ንገር፤ አንገታችሁን ደፍታችሁ ስብሰባ አትግቡ።

ስትገቡም ባዶ እጃችሁን አትግቡ። የራሳችሁን ሥራ ይዛችሁ ግቡ። እኔ ብሆን የምመርጠውን ልንገርህ። ባሕር ዳር ሐይቅም ወንዝም ያላት ከተማ ናት። ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋ ደግሞ በየቀኑ፣ ሕፃናት ጣና ዳር ይዋኛሉ። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ደግሞ ጉማሬ አለ፣ ውኃውም ይጎትታል። በየጊዜው ልጅ ሰጠመ የሚል ወሬ እንሰማለን፤ ከዚያም እናት ደረቷን ስትመታ እናያለን። ውኃው የት ላይ በድንገት እንደሚጠልቅ፣ የት ጭቃው እግር እንደሚይዝ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ ማን ነው? አሥር የምትሆኑ ዋና የምትችሉ ልጆች ተሰብሰቡ። ቀይ መስቀል የመጀመሪያ ርዳታ ሥልጠና ይሰጣል፤ የባሕር ዳር ቅርንጫፉን ጠይቁ። ከጀልባ ማኅበራት አሮጌም ቢሆን የመንሳፈፊያ ጃኬትና ገመድ ለምኑ፤ እነርሱም ሐይቁ ዳር ሰው ሲሞት ገበያቸው ይቀዘቅዛልና እንቢ የሚሏችሁ አይመስለኝም። ፖሊስ የመታወቂያ ደብዳቤ ይስጣችሁ። ወጣቶችና ስፖርት ካናቴራና ፊሽካ ያቅርብ። የሚሰጧችሁን በዝርዝር ፈርማችሁ ተቀበሉ፣ ፈርማችሁም መልሱ። ለአንደኛው ጠያቂዬ ስለ ተጠያቂነት የጻፍኩትን አንብበው፤ ወጣት የሚታመነው ፈርሞ ሲረከብ ነው፣ የሚከበረውም ያኔ ነው።

በጎ ፈቃድ እንጀራ እንደማይሆን አውቃለሁ። ስለዚህ ኮሚቴው ውስጥ የሥራና ሥልጠና ባለሙያ እንዲቀመጥ ጠይቁ። በአጭር ጊዜ ምን ዓይነት ሙያ መሠልጠን እንደሚቻል፣ ለብድር ምን እንደሚያስፈልግ፣ የማደራጃ መስፈርቱ ምን እንደሆነ በስብሰባው ላይ ይንገራችሁ። የብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲው ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ወጣት ይለዋል፤ አንተ ገና ብዙ ዓመት አለህ። አጀንዳው ቀድሞ እንዲደርሳችሁም ጠይቁ። ‹‹ተስማምታችኋል?›› ሲባል ያልተስማማችሁበትን በቃለ ጉባኤ አስመዝግቡ። ማጨብጨብ ግዴታ አይደለም።

ስለ ፍተሻው፣ አትሟገት፣ አትሩጥ። ‹‹ወንድሜ፣ በምን ምክንያት ነው?›› ብለህ በእርጋታ ጠይቅ። ከተያዝክ ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዝክበት ምክንያት ሊነገርህ፣ በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት ልትቀርብ ይገባል።

ጥያቄ፦ እኅቴ፣ የ14 ዓመት ልጄ ዓርብ ማታ ከሌሎች ልጆች ጋር ከሱቅ ዕቃ ሰርቃችኋል ተብሎ ተያዘ። አንድ ጣቢያ ከትልልቅ ሰዎች ጋር አሳደሩት። እኔ ደጅ ላይ አደርኩ። ቅዳሜና እሑድን እዚያው ነበር። ሰኞ ተለቀቀ፤ አሁን ግን ትምህርት ቤቱ ‹‹ሌባ አናስተምርም›› ብሎ መለሰው። ልጄ ከቤት አይወጣም፣ አያናግረኝም። እባክሽ የማደርገውን ንገሪኝ።

መልስ፦ እኅቴ፣ ደጅ ማደርሽን ሳነብ ልቤ ተነካ። ስለ ሕጉ ልንገርሽ፤ ለወደፊቱም ሌላ እናት ታውቀው።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ሕፃን በወንጀል አይጠየቅም ይላል። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ ደግሞ የአዋቂ ቅጣት አይፈጸምበትም፤ ከአዋቂ እስረኞች ጋርም አብሮ አይያዝም። ይህ በአንቀጽ 53 በግልጽ የተጻፈ ነው። ከዚያም በፊት በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ እንዲህ ያለ ልጅ ወዲያውኑ አቅራቢያው ወዳለ የወረዳ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ፣ ጉዳዩ ከተቀጠረም ለወላጁ ወይም ለአሳዳጊው፣ እነዚህ ከሌሉ ለታመነ ሰው ተሰጥቶ እንዲቆይ ያዝዛል። እንግዲህ ልጅሽ ሦስት ሌሊት ከአዋቂዎች ጋር ማደሩ ጥፋት ነው። የሆነውን ቀንና ሰዓት ጠቅሰሽ ለፖሊስ መምሪያው ኃላፊ በጽሑፍ አመልክቺ፤ ግልባጩን ለሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ስጪ። መጻፍ ከከበደሽ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ ሄደሽ ጠይቂ።

ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቢደርስ አትደንግጪ። የልጅ ጉዳይ በዝግ፣ በዳኛው ጽሕፈት ቤት ነው የሚታየው። በእንዲህ ያለ ችሎት ብዙ ጊዜ ተቀምጫለሁ። ጥሩ ዳኛ ካባውን አውልቆ ከልጁ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ ልጁ ወንበሩ ላይ እግሩ መሬት አልነካ ብሎት ሲያወዛውዝ አይቼ አውቃለሁ። የሚጠየቀውም ‹‹ስንተኛ ክፍል ነህ? ማን ያስጠናሃል? ያን ቀን ምሳ በልተሃል?›› ነው። ዳኛው ጥፋተኛ ቢለው እንኳ በአብዛኛው የሚያዝዘው ተግሣጽ፣ በክትትል ሥር መማር ወይም ከትምህርት ቤትና ከቤት እንዳይወጣ መወሰን ነው። ጠባይ ማረሚያ መላክ የመጨረሻው ነው። ሕጉ ራሱ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት ሲመልሰው ትምህርት ቤቱ የሚያባርረው በምን ሥልጣኑ ነው?

ስለዚህ የክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሂጂ። ብቻሽን አትሂጂ፤ የእድራችሁን ሰብሳቢ፣ ከቻልሽም የልጁን የክፍል ኃላፊ ይዘሽ ሂጂ። ርእሰ መምህሩን ለመክሰስ ሳይሆን ዋስ ለመሆን እንደመጣችሁ ተናገሩ፦ ልጁ ይመለስ፣ ጠዋት ሲገባና ሲወጣ መምህሩ ይፈርምለት፣ ከሰዓት በኋላ የት እንደሚውል እኛ እናውቃለን፣ ከጠፋ እኛ እንጠየቃለን። በዚህ መንገድ ወደ ክፍላቸው የተመለሱ ልጆችን አውቃለሁ።

ልጅሽን ደግሞ ‹‹ለምን ሰረቅህ?›› ከማለትሽ በፊት እዚያ ምን እንደደረሰበት ጠይቂው። ሦስት ሌሊት ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ያደረ ልጅ ነው። የተመታ ወይም የተነካ እንደሆነ ነገ ሳትይ ሆስፒታል ውሰጂው፤ የሕክምና ማስረጃም ያዢ። ሊነግርሽ ካልፈለገ የሚወደው አጎት ወይም አክስት ይጠይቀው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ሐይቁ ዳር ማታ ማታ ዓሣ ጠብሰን የምንሸጥ ሴቶች ነን። ደንብ አስከባሪዎች ያባርሩናል፣ መጥበሻችንን ይወስዳሉ። እኛ ስንነሣ ቦታው ጨለማ ይሆናል፣ ሰውም ይዘረፋል። ፖሊሶቹ ራሳቸው ‹‹እናንተ ስትኖሩ ይሻለናል›› ይሉናል። ለማን እንንገር?

መልስ፦ እኅቶቼ፣ አንደኛው ጽሕፈት ቤት የሚፈልገውን ሌላው ጽሕፈት ቤት ሲያባርረው ይህ ጥሩ ማሳያ ነው። ቀረሶውን እየጠበሳችሁ፣ መብራት አብርታችሁ፣ መንገዱን እያያችሁ የምትቀመጡት እናንተ ለዚያ ቦታ ጥበቃም ናችሁ። ደንብ አስከባሪውም ግን መንገድ እንዳይዘጋ፣ ዘይትና የዓሣ አጥንት ሐይቁ ውስጥ እንዳይጣል ታዞ ነው፤ ያም ትክክል ነው። የሐይቁ ዳር ንጽሕና የእናንተም እንጀራ ነው።

በማኅበር ተደራጁና የቦታ ጥያቄ በአንድ ማመልከቻ አቅርቡ። ማመልከቻው ላይ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደምትቆዩ፣ ስንት ምድጃ እንደሚኖር፣ ቆሻሻውን በምን እንደምታነሡ፣ በየሳምንቱ ማን ተራ እንደሆነች ጻፉ። ‹‹ስትኖሩ ይሻለናል›› ያሏችሁን ፖሊሶች ይህንኑ በደብዳቤ እንዲያስጽፉላችሁ አለቃቸውን ጠይቁ፤ በቃል የተነገረ ነገር ደንብ አስከባሪ ፊት አይቆምም። ማመልከቻውን ለማዘጋጃ ቤት ስታስገቡ ግልባጩን ለሰላምና ደኅንነት ጽሕፈት ቤት አድርጉ። መዝገብ ቤት ቁጥር ሳይሰጠውና በእናንተ ቅጂ ላይ ማኅተም ሳይመታ ከዚያ ግቢ አትውጡ።